ተራ ቁጥር አሥራ አራት

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአለምነው አራጌ፣

አሰላሙ አለይኩም። ክርስቲያን ነኝ ብለህ ሰላምታዬን ሳትመልስ እንደማትቀር አውቃለሁ፤ በእኛ ደጅ ያደግህ ልጅ ነህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ለምን አይደውሉልኝም ብለሃል። ስልኩ በሳምንት አንድ ቀን ቢሠራ ነው፤ እሱም “ሄሎ፣ ይሰማል?” ስንባባል ያልቃል። ደግሞም ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት በአፍ የተባለ ነገር አያረካትም። ወረቀት ይቀመጣል። ይህን ሹፌሩ ባህሩ ያደርስልሃል፤ መልስህንም ለእሱ ስጠው።

ስለ ልጄ ስለ ሁዳ አዲስ ነገር አለ ወይ ላልኸው፣ አለ። ደሴ ባለችው በእህቴ ልጅ ስልክ ድምጿን ልካለች። አሁንም እዚያው ዓረብ አገር፣ መጠለያ በሚሉት እስር ቤት ውስጥ ናት። ፓስፖርቷን ነጥቃ ካስቀረችባት አሠሪ ቤት ከወጣች እነሆ ስምንት ወሯ። ከእኛ ከቦረና፣ ከከላላና ከማሻ የሄዱ አሥራ ሁለት ልጆች በአንድ ክፍል ታጉረዋል። የዚያ አገር ሰዎች “መንግሥታችሁ የጉዞ ወረቀት ይላክና ውሰዷቸው” ብለዋል። እዚህ ደግሞ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እያመላከተ ወረቀቱን የሚጽፍ ጠፋ። ከሁዳ ጎን የምትተኛው የጎረቤቴ የፈርሂያ ልጅ ኡምኩልሱም ናት፤ ሳል ይዟታል።

በሰኔ በእኔው ሳሎን ውስጥ፣ በእናቶቹ ፊት ቆመህ “አባል በሆንሁበት በላይኛው ምክር ቤት አነሣዋለሁ” ብለሃል። ከከላላ በእግራቸው የመጡ ሴቶች መርቀውህ ነው የተመለሱት። ሰኔ ካለፈ አራተኛ ወሩን ይዟል። ተነሥተህ የማትናገረው ምን አንቆህ ነው? በጽሑፍ መልስልኝ።

ዘይነባ ጀብሪል

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዘይነባ፣

ወአለይኩም ሰላም። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የሚቀባ መድኃኒት በባህሩ በኩል ልኬያለሁ፤ ጠዋትና ማታ ነው። የፈርሂያስ ነገር እንዴት ነው? ሰላም ይበሉልኝ።

እትዬ፣ ቁጣዎን ተቀብያለሁ። ዳሩ ግን በዚህ ቤት እንደ እድር ስብሰባ ብድግ ብሎ መናገር የለም። ምክር ቤቱ እንዲወስን የሚፈልግ አባል የሚጠይቀውን ሙሉ ቃሉን ይጽፋል፤ ይፈርማል፤ ራሱ በእጁ ለጽሕፈት ቤቱ ያስረክባል። ቅድመ ማስታወቂያ ይባላል፤ በሰው አይላክም። ነገሩ በድንገት እንዳይወድቅባቸው ተብሎ ለሌሎቹ አባላት ሦስት ሙሉ ቀን ይሰጣቸዋል። ከዚያ ሐሙስ ጠዋት አፈ ጉባኤው ተራ ቁጥሩንና የባለቤቱን ስም ይጠራል። ባለቤቱ ተነሥቶ “አቀርባለሁ” ካለ ይከፈታል። “ይዘግይልኝ” ካለ ለሌላ ሐሙስ ይተላለፋል። በቦታው ካልተገኘ ይሰረዛል።

ያነቀኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ጉዳይ ዝርዝሩ ላይ ከሰፈረ፣ እስኪወሰን ወይም ባለቤቱ ከዝርዝሩ እስኪያነሣው ድረስ በዚያው ጉዳይ ሌላ ማስታወቂያ አይጠራም። በዓረብ አገር ስላሉት ልጆቻችን ደግሞ አንድ ማስታወቂያ ቀድሞ ተይዟል። እሱ ከፊት ሳለ መንገዱ ዝግ ነው። ጥቂት ይታገሡኝ፤ በቅርቡ እንደሚከፈት ተስፋ አለኝ።

አክባሪዎ አለምነው

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአለምነው፣

መድኃኒቱ ደርሶኛል፤ ይሸታል፣ ግን ይሠራል። ትዕግሥቱን ግን መልሼ ልኬልሃለሁ፤ እዚህ የሚያስቀምጠው የለም።

ያ ቀድሞ የተያዘ ማስታወቂያ የማን ነው? ይህን ሳትነግረኝ ሁለት ገጽ ጻፍህልኝ። ስም የሌለው ማስታወቂያ የለም፤ አንተው “ስሙ ይጠራል” ብለሃል። የሚጠራ ስም ደግሞ የሆነ ቦታ ተጽፏል።

አስናቀውን ታስታውሰዋለህ? በከላላ መንገድ ዳር የነበረውን የሟች ጎረቤቱን መሬት ገፍቶ ያረሰውን። ባልቴቲቱ ሳትከሰው በፊት እሱ ቀድሞ ግማሽ ገጽ አቤቱታ ይዞ መጣና ከሰሳት። ከዚያ “ጠበቃዬ ታሟል፣ ምስክሬ ለቅሶ ላይ ነው” እያለ አራት ዓመት ተለዋጭ ቀጠሮ አስቀጠረ። መሬቱን እያረሰ። ባልቴቲቱ የራሷን መዝገብ ልትከፍት በመጣች ቁጥር “በዚህ ጉዳይ የተከፈተ መዝገብ አለ” ብለን የመለስናት እኔና አንተ ነበርን። አንተ ያኔ አዲስ ተቀጥረህ ከእኔ ሥር መዝገብ ታመላልስ ነበር። አንድ ቀን የአስናቀውን መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠህ “እትዬ፣ ይህ ሰውዬ መክሰስ አልፈለገም፤ ማስቆም ነው የፈለገው” አልኸኝ። በሃያ ሁለት ዓመትህ ይህ ገባህ። የዚያን ቀን በአንተ ኮርቼ ለባለቤቴ ለጀማል ነግሬዋለሁ፣ አላህ ይዘንለት።

እና እዚያም አንድ አስናቀው አለባችሁ ማለት ነው። ስሙን ላክልኝ። እናቶቹን ይዤ መጥቼ ቤቱ ደጃፍ እቀመጣለሁ።

ፈርሂያ እንዴት ናት ብለሃል። ደህና ናት። የልጇ ሳል ግን ብሷል ትላለች ሁዳ፤ ሐኪም አላዩላትም። እዚያም እንዳንተ ታገሡ ነው የሚሏቸው።

ዘይነባ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዘይነባ፣

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መልሴ የዘገየው በኮሚቴ ሥራ ተወጥሬ ነው። አዎን፣ በባህሩ አፍ እንዳስጠየቁኝ፣ በቴሌቪዥን ያዩት እኔ ነኝ፤ ከኮሚቴው ሰብሳቢ በስተግራ የተቀመጥሁት። ክብደት ጨምረሃል ላሉኝ፣ ወንበሩ ነው።

ስሙን ላክልኝ ያሉኝን በተመለከተ፣ የባልደረባን ስም አውጥቶ ለውጭ ሰው መስጠት እዚህ ነውር ነው። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም። ሁኔታዎች እስኪመቻቹ ነው የሚያቆየው። ሰብሳቢው ራሱ “ጉዳዩ አሁን ቢነሣ ከዚያ አገር ጋር የተጀመረ ንግግር ይበላሻል” ብሏል፤ እሱን የመሰለ ሰው ያለ ነገር አይናገርም። ከገና በፊት አንድ ነገር ይኖራል።

እባክዎ እናቶቹን ይዘው እንዳይመጡ። መንገዱም ጥሩ አይደለም። ለኡምኩልሱም እጸልያለሁ። ፈርሂያን አደራ።

አለምነው

መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አለምነው አራጌ፣ የላይኛው ምክር ቤት አባል፣

ጉዳዩ፦ ተራ ቁጥር አሥራ አራትን ይመለከታል።

ክቡርነትዎ ስም መስጠት ነውር ነው ስላሉኝ፣ ስሙን ከእርስዎ መለመን ትቼ የለመድሁትን አደረግሁ። ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት በስሜ አመልክቼ የማስታወቂያውን ዝርዝር ትክክለኛ ግልባጭ ጠየቅሁ። ነውርም አልሆነባቸው። በአሥር ቀን ውስጥ ማኅተም መትተው ላኩልኝ። ለካስ ዝርዝሩ በየሳምንቱ በራችሁ ላይ ይለጠፋል፤ ባህሩም መኪናውን አቁሞ ሊያነበው ይችል ነበር።

ካላነበቡት ላንብብልዎ። “ተራ ቁጥር 14። ጥቅምት 4 ቀን ገቢ የሆነ። አቅራቢ፦ አቶ አለምነው አራጌ። በውጭ አገር ያሉ ዜጎችን ሁኔታ ስለመመልከት።” አንድ መስመር። የልጆቹ ቁጥር የለም፣ የጉዞ ወረቀት የለም፣ ምንም የለም። ከጎኑ በቀይ፦ “ጥቅምት 21፣ በአቅራቢው ጥያቄ ዘግይቷል። ኅዳር 5፣ በአቅራቢው ጥያቄ ዘግይቷል። ኅዳር 26፣ በአቅራቢው ጥያቄ ዘግይቷል።”

ወረድ ብሎ ደግሞ “ተራ ቁጥር 31። ጥቅምት 25 ቀን ገቢ የሆነ። አቅራቢ፦ ወይዘሮ ሙሉሐረግ።” እኒህን ሴት አላውቃቸውም፤ አገራቸውም ሌላ ነው። የእሳቸው ገጽ ተኩል ነው። ልጆቹ ያሉበትን መጠለያ በስም ጠርተዋል። የሚመለከተው ቢሮ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የጉዞ ወረቀት እንዲልክ፣ ካልላከም ቀርቦ ምክንያቱን እንዲናገር ጠይቀዋል። ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ እኔ ብጽፈው እንደዚያ አላሳምረውም ነበር። ከጎኑ ምን ተጽፎበታል መሰለዎ? “በተራ ቁጥር 14 ምክንያት አይጠራም።”

ክቡርነትዎ፣ ከእርስዎ በፊት ተራ የያዘ ሰው አልነበረም። መንገዱን የዘጉብን እርስዎ ነዎት። “ቀድሞ ተይዟል” ብለው ሲጽፉልኝ ብዕሩ እጅዎ ላይ አልከበደዎትም? ላም አለኝ በሰማይ ስል ከረምሁ፤ ላሟን ያሰሯት እርስዎ ነበሩ። በሃያ ሁለት ዓመትዎ ያሉኝን እመልስልዎታለሁ፤ ይህ ሰውዬ መክሰስ አልፈለገም፣ ማስቆም ነው የፈለገው።

አስናቀው እንኳ ቢሆን እንደ ቤተሰብ በሚያየው ሰው ላይ አልዘጋም። ሁዳ ስትወለድ የመጀመሪያውን ማር ያላሷት እርስዎ ነበሩ፤ ረስተውት ከሆነ።

ለምን እንዳደረጉት ይጻፉልኝ። ሁኔታዎች የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ከሆነ ባህሩ እንዳይቀበልዎት ነግሬዋለሁ። ስለ ፈርሂያ የጠየቁኝን አልመልስም።

ዘይነባ ጀብሪል፣ የወረዳ ፍርድ ቤት የቀድሞ መዝገብ ቤት ኃላፊ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ዘይነባ፣

“ክቡርነትዎ” ከሚሉኝ ቢሰድቡኝ ይሻለኛል። ሰድበውኝም አያውቁም፤ መዝገብ ሳሳስት እንኳ ዝም ብለው ነበር የሚያዩኝ።

ለምን ላሉኝ፣ እውነቱን ልጻፍ። ያን መስመር ሳስገባ ተንኮል አልነበረኝም። ቦኖ ውሃው ጋ ተራ እንደምንይዘው ነው ያደረግሁት። ጀሪካኑ ገና ቤት ሳለ አንድ ድንጋይ አስቀምጠን እንሄድ የለም? ዝርዝሩ ቶሎ ይሞላል ሲሉኝ “ተራውን ልያዝ፣ ሙሉውን ቃል በኋላ እጽፈዋለሁ” ብዬ አንድ መስመር ጣልሁ። ሙሉውን ቃል እየጻፍሁም ነበር። የልጆቹ ስም ያለበት ረቂቅ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ጥቅምት 21 ጠዋት ሰብሳቢው በኮሪደሩ ጠራኝ። ክንዴን ይዞ “ዛሬ አታንሣው፣ ወንድሜ” አለኝ። በዚህ ቤት ሁለት ዓመት ስቀመጥ በስሜ እንኳ ጠርቶኝ የማያውቅ ሰው ነው። በሁለተኛው ጊዜ “ኮሚቴው ውስጥ ቦታ አለ” አለኝ። በሦስተኛው ጊዜ መጠየቅም አላስፈለገው፤ ከወንበሩ አየኝ፣ እኔም ተነሥቼ “ይዘግይልኝ” አልሁ። በቴሌቪዥን ያዩት ወንበር ያ ነው። ወይዘሮ ሙሉሐረግ ከኋላዬ ተቀምጠው እንደነበር አውቃለሁ። የእሳቸውን ገጽ ተኩልም አንብቤዋለሁ። ያስቀመጥሁት ድንጋይ እንዳገዳቸው እያወቅሁ ከአምስት ሳምንት በላይ በላያቸው ተቀመጥሁ።

አፍሬያለሁ። በአባቴ አጥንት፣ አፍሬያለሁ። ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ሽማግሌ ይዤ፣ እንደ አገራችን ደንብ ድንጋይ ተሸክሜ ደጅዎ ልምጣና ከእግርዎ ልውደቅ። ለገና ልምጣ? ፈርሂያንስ ለምን አይመልሱልኝም? ያስፈራኛል።

አለምነው

መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አለምነው፣

እኔ ዘንድ ድንጋይ ተሸክመህ እንዳትመጣ። ያስቀመጥኸውን አንሣ።

ቦኖውን ካነሣህ አይቀር እስከ መጨረሻው አስታውሰው። ተራው ደርሶ ባለቤቱ ጀሪካን ይዞ ካልመጣ፣ ቀጥላ ያለችው ሴት ድንጋዩን በእግሯ ትገፋለች፤ ማንም ምን አደረግሽ አይላትም። የእናንተ ደንብ እግር ከለከላት እንጂ ይቺ ሙሉሐረግ የምትባል ሴት እስካሁን በገፋችው ነበር። ስለዚህ አንተው ጎንበስ በልና አንሣው።

ደብዳቤ ለእኔ ከመጻፍ፣ ሐሙስ ስምህ ሲጠራ ተነሥተህ ለምን እንዳስቀመጥኸውና ለምን እንዳቆየኸው ለእነሱ ንገራቸው። ኮሪደር ውስጥ በሹክሹክታ የተያዘ ነገር በአደባባይ ነው የሚለቀቀው። ወንበሩን ይውሰዱት፤ ሲያወፍርህ ነው የከረመው።

ዘይነባ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ዘይነባ፣

አንሥቼዋለሁ።

ሐሙስ ታኅሣሥ 24 ተራ ቁጥር አሥራ አራት ተጠራ። ሰብሳቢው እንደተለመደው አየኝ። ተነሥቼ እንዲህ አልሁ፤ “ይህን ማስታወቂያ ከዝርዝሩ አነሣለሁ። ሳስይዘው ተራ ለመያዝ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ያዘገየሁት ግን ለራሴ ብዬ ነው። አሥራ ሁለት የአገሬ ልጆች በእኔ ምክንያት ታስረው ቆይተዋል።” አፈ ጉባኤው ምክንያት መናገር አያስፈልግም አሉኝ። እኔም ያስፈልጋል ብዬ ጨረስሁ። ከኋላ የሳቀ ነበር።

ወዲያው ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ ተጠራ። ወይዘሮ ሙሉሐረግ ያን ገጽ ተኩል ሳይንተባተቡ አነበቡት። በዚያው ዕለት በድምፅ ብልጫ አለፈ። የጉዞ ወረቀቱ በአሥራ አምስት ቀን እንዲላክ ተወስኗል። ስንወጣ ላመሰግናቸው ጠጋ ብል ወይዘሮዋ አላዩኝም፤ ልክ ናቸው። ወንበሩንም እንዳሉት ወስደውታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ሁዳ ስትገባ መጥቼ ልያት። እናቶቹንም አንድ በአንድ ይቅርታ ልጠይቅ። መምጣት እችላለሁ ወይ? መልስዎን እጠብቃለሁ። ባህሩ በመጣ ቁጥር መናኸሪያ ወርጄ አየዋለሁ።

አለምነው

መካነ ሰላም፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአለምነው፣

ስድስት ሳምንት ያለ መልስ ስላቆየሁህ ይቅርታ አልጠይቅህም። ምክንያቱን ግን ልንገርህ።

ሁዳ የካቲት 4 ገብታለች። ከስታለች፤ ፀጉሯን ላጭተዋታል። ስትበላ ሳህኑን በክንዷ ትከልላለች። ቤቴ ውስጥ ናት፤ አልሐምዱሊላህ። አላህ ለሙሉሐረግ ዕድሜ ይስጣት፤ ስሟን በዱዓ ላይ እናቶቹ ሁሉ ጠርተውታል። የአንተን ስም የጠራም የረገመም የለም፤ ተራ ቁጥር አሥራ አራትን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

የተመለሱት አሥራ አንድ ናቸው።

ኡምኩልሱም ኅዳር 28 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሞታለች። አንተ ለሦስተኛ ጊዜ “ይዘግይልኝ” ባልህ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። የሙሉሐረግ ማስታወቂያ በደንቡ ቢጠራ ኖሮ ኅዳር 5 ይጠራ ነበር። ሃያ ሦስት ቀን። ሁዳ የነገረችኝ በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው፤ ያ ማኅተም ያለበት ግልባጭ በደረሰኝ ሰሞን። ስለ ፈርሂያ ስትጠይቀኝ ዝም ያልሁህ ለዚህ ነው። ልጇ መሞቷን ያላወቀች እናት በየቀኑ እየመጣች “ምን ሰማሽ?” ስትለኝ ፊቴን እያዞርሁ ነው የከረምሁት። መርዶ እንደምታውቀው በስልክ ወይም በወረቀት አይነገርም። ሬሳም አልመጣም። ሽማግሌዎቹ ልጆቹ ገብተው ዓይን ያየው እስኪመሰከር ድረስ ይቆይ አሉ። ትናንት ማለዳ ተሰብስበን ሄድን። በሩን ስትከፍትና ያን ሁሉ ሰው ስታይ ማንም ሳይናገር ገባት። የሆነውን አልጽፍልህም።

መምጣት እችላለሁ ወይ ብለሃል። ወደ እኔ ቤት አትምጣ፤ ከእኔ ጋር ጉዳይ የለህም። የእኔ ልጅ ገብታለች። ባለጉዳይህ ፈርሂያ ናት። ሽማግሌ አስቀድመህ፣ “ስለ አንድ ነገር ልናነጋግርሽ ነው” ብለህ አድበስብሰህ እንዳትገባባት። እንደዚያ አንድ መስመር ጽፈህ ነው ይህን ያመጣኸው።

እንደ ራሳችሁ ደንብ አድርገው። ያደረግኸውን ሙሉውን ጻፍ፤ ሦስቱን ቀን ከነ ቁጥራቸው፣ ኮሪደሩን፣ ወንበሩንም ሳታስቀር። ፈርም። ከዚያ መካነ ሰላም ድረስ መጥተህ በእጅህ ለእኔ አስረክብ፤ በባህሩ አትላክ። ፈርሂያ ማንበብ አትችልም፣ እኔ አነብላታለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጉዳይ ሳነብ ድምፄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም፣ የዚህን ግን እንጃ። ሦስት ሙሉ ቀን እንስጣት፤ ድንገት እንዳይወድቅባት። አንተ አባትህ ቤት ትቆያለህ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ደጃፏ ላይ ቆማ ስምህን ትጠራለች። ትርገምህ፣ ትማርህ፣ አላውቅም፤ የእሷ ፍርድ ነው። ስትጠራህ በቦታህ ተገኝ። እዚህ “ይዘግይልኝ” ማለት የለም።

ዘይነባ